ትራም ነጂው ሹኬንዱና የዘገየችው ሞኖሮማ

የእህቴ ባል ሹኬንዱ ካርማካር በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም። በቤልጋቺያ መስመር ትራም በሚነዳበት ዘመን፣ ተሳፋሪ ወርዶ ዓሣ ተከራክሮ ገዝቶ፣ ሮጥ እንኳ ሳይል ተመልሶ ያንኑ ትራም ይሳፈራል ተብሎ ይወራበት ነበር። እሱ ግን በዚህ ይኮራል። «የጫንኩት ሰው ነው፣ ጡብ አይደለም» ይላል። ሲነሣ አይነቀንቅ፣ ሲቆም አያንገጫግጭ፤ በእሱ ትራም ቆመው የሚሄዱ ሴቶች ሁለት እጃቸውን ለቀው ሹራብ ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታላቅ እህቴን ሼፋሊን ያገባ ዕለትም ኮከብ ቆጣሪው የቆረጠው ሰዓት ሊያልፍ ሲል ነው የደረሰው። አባታችን በር ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ «የት ነበርክ?» ቢለው፣ «መንገድ ላይ» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። በእኛ ዘንድ የሚስት ታናሽ እህት በእህቷ ባል ብታላግጥ ነውር የለውም፤ ዝም ካለች ነው ሰው የሚጠረጥራት። ስለዚህ ስለ ጃማይባቡ፣ እኔ እንዲህ ነው የምጠራው፣ የማወራውን ሁሉ በመብቴ ነው የማወራው።

ሸክላ ማጫወቻው ቤታቸው የገባው በኪዲርፑር ወደብ በኩል ነው። ቶፋጆል ሚያ የሚባል የመርከብ ወጥ ሠሪ ወዳጅ ነበረው፤ እሱ ነው ከአሜሪካ ያመጣው። ዕቃው እንደ ካዝና ይከብዳል፤ ግማሽ ቤት ይይዛል። የቶፋጆል ሚስት «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች። ቶፋጆል ጥቂት ቀን ካሰበበት በኋላ ሚስቱን መረጠና ማጫወቻውን ለጃማይባቡ ሸኘለት።

ጃማይባቡ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከባዱን የብረት ሳህን አነሣና ሆዱን አሳየን። ከሥር ሞተር አለ። በሞተሩ ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታህል የናስ ቆብ ተሰክታለች። በቆቧና በሳህኑ ጠርዝ መካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ተሸጉጣ ሁለቱንም ትጫናለች። ሞተሩ ቆቧን፣ ቆቧ ጎማዋን፣ ጎማዋ ሳህኑን ያዞራሉ።

«አየሽ ፑቱ፣» አለኝ፣ ዓይኑ እንደ ሕፃን እያበራ፣ «ይሄ ትራም ነው። ጉልበት አለው። እጅሽን ብትጭኚበት እንኳ አይቆምም።»

«ደወልስ አለው?» አልኩት።

አልሳቀም። የአሜሪካው ዕቃ በእኛ ኤሌክትሪክ እንዳይቃጠል ተብሎ ትራንስፎርመር ተገዛለት፤ በዚህም ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለን።

መጀመሪያ የተጫወተው ሸክላ የሞኖሮማ ዴቢ ነበር። ሞኖሮማ በእናቴ ዘመን ስሟ የገነነ ዘፋኝ ናት፤ ያኔ ግን ዘፈን ትታ ቦባኒፑር በሚገኝ ቤቷ ተከታ ትኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ። ከሳጥኑ የወጣው ድምፅ ወፍራም፣ ከባድ፣ ከጉድጓድ ሥር የሚጣራ ዓይነት ነው። አንዱን ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ ሰው አዛግቶ ይመለሳል።

የሰፈሩ ክበብ ጸሐፊ ፖቶል በሩን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። ፖቶል ማለት ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ የማያገባው ነገር የሌለ ሰው ነው። ጃማይባቡን ሹኬንዳ፣ እህቴን ቦውዲ ይላል፤ ወንድሜና የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው።

«ሹኬንዳ፣ ሞኖሮማ ሴት ናት ብለኸኝ አልነበር?»

«ሴት ናት።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው? ጉንፋን ነው?»

«ጥልቀት ነው፣ ፖቶል። አንተ ጥልቀት ከየት ታውቃለህ።»

«ራዲዮ ላይ እኮ ቀጠን፣ ፈጠን ያለች ናት።»

«ራዲዮ ይቸኩላል» አለ ጃማይባቡ ሳይደነግጥ። «ዜና ይጠብቀዋል። የጁት ቃጫ ዋጋ ይጠብቀዋል። ሸክላ ግን ማንን ይፈራል?»

ሰዉ ይህን ሰምቶ እርስ በርሱ ተያየ፤ አባባሉ የተማረ ሰው አባባል ስለመሰለ ተቀበለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ መንገድ ራዲዮ ሲከፈት «ቸኳላው ተነሣ» ይባል ጀመር።

በድምፁ ሥር ደግሞ «ግርርርር» የሚል የማያቋርጥ ነገር ይሰማል። ጃማይባቡ ይህን ታንፑራ ነው አለን፤ ያ ከዘፋኝ ጀርባ ሆኖ አንድ ድምፅ የሚያንጎራጉረው ባለ ክር መሣሪያ። «እንዴት ያለ የታንፑራ ሰው ነው! አንዴ እንኳ አያርፍም» እያለ ያደንቀው ነበር። እርግጥ አያርፍም፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ነበራ። በዚያች ጎማ በኩል ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ መርፌው እየዘለቀ ነው ታንፑራ የሚሆነው። ያኔ ይህን ማን ነግሮን።

አንድ ክረምት ቤተሰቡ ወደ ፑሪ ለባሕር ንፋስ ሲሄድ፣ ጃማይባቡ ማጫወቻውን ከማርሹ ሳያላቅቀው ሄደ። ጎማዋ በናሱ ቆብ ላይ ተጭና ስትሰነብት፣ አንድ ጎኗ እንደ ተኛበት ጉንጭ ስርጉድ አለ። ሲመለሱ ሸክላው ላይ «ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ» የሚል አዲስ ነገር ተሰማ። እህቴ ሼፋሊ ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠችና «ሰማህ ወይ፣ ከበሮ መቺ ገብቷል» አለችው።

«ፊትም ነበረ» አለ ባሏ። «ጆሮሽ አሁን ነው የነቃ።»

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። ዲዲ የምላት ታላቅ እህቴ ድምፅዋ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ጣራ ላይ የቆመች ወፍ ዓይነት ነው። ልጅ ሳለች እናታችን ከገበያ መንገድ ጫፍ ሆና ትሰማት ነበር። ይህች ሴት ናት ከዚያ ሳጥን ሥር ቁጭ ብላ የሞኖሮማን ዘፈን መማር የጀመረችው። እንዳትሳሳት ብላ አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ፣ ድምፅዋን ከእምብርቷ እየጎተተች ታወጣለች። ጃማይባቡ አጠገቧ ተቀምጦ «ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ» ይላታል። ልምምዱ ሲያልቅ ጉሮሮዋን በማርና በዝንጅብል ታሽ ነበር።

በጣም የምትወደው ዘፈን የጀልባው ዘፈን ነው። ቃሉ እንዲህ ነው፤ አንዲት ወጣት ሚስት ወደ አማቷ ቤት ዓሣ ይዛ ስትሄድ ጀልባ ነጂውን «ቶሎ በል፣ ዓሣው ሳይሸት፣ አማቴ በር ላይ ሳትቆም» ትለዋለች። ያ ሸክላ ሲጫወተው ግን አንጀት ይበላል። ሰው አንገቱን ይደፋል። ጃማይባቡም ትርጉሙን ይፈታልን ነበር፤ «ጀልባው ዕድሜያችን ነው። ዓሣው ነፍሳችን። በር ላይ የምትቆመው አማት ደግሞ፣ ሞት ናት።» እናቴ ይህን ስትሰማ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ለነገሩ ስለ አማቶች ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም።

የዲዲ ስም እየገነነ ሄደ። በዱርጋ በዓል ማታ መድረክ ላይ ስትወጣ አሮጊቶች መሐረብ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ለሙታን መታሰቢያ ይጠሯት ጀመር። እንደዚያ እያለ ነው አንድ ዓመት ፖቶል እየሮጠ የመጣው፤ ፖቶል ሲሮጥ አይቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሹኬንዳ! ቦውዲ! ሞኖሮማ ዴቢ ይመጣሉ! ራሳቸው! የክብር እንግዳ! እሺ አሉ!»

ዲዲ የያዘችውን ሰሃን ለቀቀችው። ጃማይባቡ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ስብርባሪውን እየለቀመ «የጀልባውን ነው የምትዘፍኝላቸው» አለ።

በዓሉ ደረሰ። ሞኖሮማ ዴቢ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ትንሽዬ፣ ደረቅ ያሉ፣ ነጭ ሳሪ የለበሱ፣ ፓን የሚሉትን ቅጠል ሲያኝኩ ኖረው አፋቸው የቀላ ሴትዮ ናቸው። ዲዲ መድረክ ላይ ወጥታ ከሃርሞኒየሟ፣ ከባለ ወናፉ መሣሪያ፣ ፊት ተቀመጠች። አገጯን ቀበረች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጀመረች። «ቶ... ሎ... በ... ል...»

አሮጊቶቹ መሐረባቸውን አወጡ። ሞኖሮማ ዴቢ ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ ነቀነቁ፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን ወረደ። ጃማይባቡ መጋረጃ ጀርባ ከእኔ ጋር ቆሞ «አየሽ? አየሽ?» እያለ ክንዴን ይጎሽመኛል። ዘፈኑ አለቀ፤ ጭብጨባ ሆነ። ፖቶል ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ እንግዳዋ ጎንበስ አለ።

«እንዴት አዩት፣ እናቴ?»

«ደግ ልጅ ናት» አሉ ሴትዮዋ። ማይክሮፎኑ ሁሉን ያሰማል። «ልብ ትነካለች። ማን ሞቶባት ነው?»

ፖቶል ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «የለም እናቴ... የእርስዎ ዘፈን ነው እኮ። የጀልባው።»

«የትኛው ጀልባ?»

«የ... የዓሣው።»

ሴትዮዋ ፓናቸውን ማላመጥ አቆሙ። ቃላቱን በሆዳቸው እንደገና ሲያልፉባቸው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ከዚያ ወንበራቸው እስኪነቃነቅ መሳቅ ጀመሩ። «የዓሣው! ይሄ እኮ የቀልድ ዘፈን ነው! በሠርግ ላይ ነው የሚዘፈነው! ቸር አምላክ፣ በዚህ አካሄድ ዓሣው ሸቶ፣ አማትየዋም ሞታ ተቀብራለች!»

ሂንዱ አይቀበርም፣ ይቃጠላል፤ ግን በዚያ ሰዓት ያረማቸው ሰው አልነበረም። አዳራሹ ፈነዳ። መሐረብ ያወጡት አሮጊቶች በዚያው መሐረብ የሳቃቸውን እንባ ጠረጉ። ዲዲ እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ ሃርሞኒየሙን ዘጋችና በጓሮ ወጣች። ጃማይባቡ ተከትሏት ሄደ፤ ግን መቼ ደርሶባት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እግዚአብሔር ለጠላቴም አይስጥ። ጃማይባቡ ሻይ ቤት ሲገባ ሁሉም ቃላቱን እየጎተተ ነው ሰላም የሚለው፤ «ሹ... ኬን... ዳ... ደ... ህ... ና...» በትራም ጣቢያው ጓደኞቹ «እጁ የነካው ነገር ሁሉ ይዘገያል፤ ሚስቱን እንኳ አዘገያት» አሉ። እሱ ትራሙን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ግን ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ፑቱ፣ ዲዲሽ ስንት ዓመት በሰው ድምፅ ዘፈነች። ያቺን የመሰለች ድምፅ፣ እኔ ነኝ እየጎተትኩ ጉድጓድ የከተትኳት።»

ላላግጥበት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን ዘጋሁት። «ማጫወቻውን ለሚያውቅ ሰው አሳየው» አልኩት ብቻ።

የሚያውቅ የተባለው ሰው ቻንድኒ ገበያ ውስጥ የራዲዮ መጠገኛ ያለው ጎቦርዶን ሻሃ ነው። ጎቦርዶን ፀጉሩን ጥቁር ይቀባል፤ በከተማው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ የተበላሸው እሱን ሳያማክሩ ስለነኩት ነው ብሎ ያምናል። ቤት ድረስ መጣ። ሳህኑን አነሣ፤ የናሷን ቆብ አየ፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ወንበር ጠይቆ ተቀመጠ፤ ቶሎ ነግሮ የሚሄድ ሰው አይደለም።

«ዳዳ፣ ከረንት እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ? እየመታ ነው የሚመጣው። እንደ ልብ። የአሜሪካ ከረንት በሰከንድ ስድሳ ጊዜ ይመታል። የኛ ሃምሳ።»

«ትራንስፎርመር ገዝቼለታለሁ እኮ!»

«ትራንስፎርመር ጉልበቱን ይቀንስልሃል፤ ምቱን አይነካውም። ይሄ ሞተር ወታደር ነው። ከበሮው በተመታለት ልክ ነው የሚራመደው። እዚያ አገር ሲሮጥ የነበረው እዚህ መጥቶ ይንሸራሸራል። ቆቧ ደግሞ ለስድሳው ተብላ ነው የቀጠነችው። ለኛ ወፈር ማለት አለባት። ወፈር ስትል ጎማዋን ፈጠን አድርጋ ታዞራለች፤ ሳህኑም ይፈጥናል።» ዞር ብሎ እኛን አየን። «ይህን ያህል ዓመት በዝግታ ሞኖሮማን ስትሰሙ ኖራችኋላ!»

«ታንፑራውስ?» አለች ዲዲ ቀስ ብላ።

ጎቦርዶን ሞተሩን አስነሥቶ ያለ ሸክላ ሳህኑ ላይ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ይሄ ነው ታንፑራሽ፣ ቦውዲ።» ጎማዋንም በጣቱ ዳሰሰና ስርጉዷን አገኘ። «ይሄው ደግሞ ከበሮ መቺሽ።»

ቶርኖ ላይ ወፍራም ቆብ የሚቆርጥለት ሰው ለበዓል አገሩ ስለሄደ፣ ጎቦርዶን ለጊዜው ብሎ ቆቧን በፕላስተር ጠቀለላት። ፍጥነቱ በእርግጥ ተስተካከለ። ግን የፕላስተሩ ጫፍና ጫፍ የተደራረበበት ቦታ ጉብ ብሏል፤ ቆቧ በዞረች ቁጥር ጎማዋ ትዘላለች። ሞኖሮማ በጥር ወር ጋንጅስ ውስጥ እስከ አንገቷ ገብታ የምትዘፍን መሰለች፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማል።

«አሁን ፈጥናለች» አለ ፖቶል በመስኮት ብቅ ብሎ። «ግን ወባ ይዟታል።»

ጎቦርዶን በዚህ ተቆጣ፤ በነጋታው ከሱቁ ሌላ ማጫወቻ ተሸክሞ መጣ። ይህኛው ቀለል ያለ ነው። ሞተሩ ከሳህኑ ርቆ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ቀጭን የላስቲክ ቺንጋ ብቻ ነው።

«ሞተሩ የፈለገውን ያህል ይንቀጥቀጥ» አለ ጎቦርዶን። «ቺንጋው ይውጠዋል። ሳህኑ ጋ የሚደርሰው ዙረት ብቻ ነው። በዓለም ላይ ጥሩ ነገር ሁሉ በቺንጋ ነው የሚያዘው። ሱሪህን ተመልከት።»

ሸክላው ተጀመረ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የሚስቅ የሴት ድምፅ ቤቱን ሞላው። ከሥሩ ምንም የለም። ዲዲ አፏን ይዛ ቆየችና «ሙዚቀኞቹስ የት ሄዱ?» አለች። እሷም ራሷ ከዚያ በዓል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ጃማይባቡ ግን አልሳቀም። ሚስቱን ያያል፣ ሳጥኑን ያያል። ያ ድምፅ ቁርጥ እሷ ሳታገባ በፊት የነበራት ድምፅ ነበር።

ቺንጋውም ያለ ጣጣ አልነበረም። ሳህኑን ለማስነሣት ጉልበት የለውም፤ ዲዲ በጣቷ ገፋ ካላደረገችው እያዛጋ ነው የሚነሣው። በቦይሻክ ወር ሙቀት ደግሞ እንደ አሮጌ ሱሪ ላስቲክ ይላላና ዘፈኑ መሀል መንገድ ላይ ይንሸራተታል። ጃማይባቡ «ትራሙ ይህን አያደርግም ነበር» ሲል፣ ጎቦርዶን «ትራምህ ያጓራ ነበር» ይላል፤ በዚህ ጭቅጭቅ ወዳጆች ሆኑ።

ብርዱ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው የሚጎትተው ሪክሾ ጋሪ በር ላይ ቆመ። ሞኖሮማ ዴቢ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ወረዱ። ዲዲ ልትደበቅ ወጥ ቤት ስትገባ ሴትዮዋ ከመንገድ ላይ ተጣሩ።

«ያቺ ዓሣዬን የቀበረችው ልጅ ቤት ይሄ ነው?»

ዲዲ ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሧት፤ ጉንጯን ቆነጠጡ። ስቀው ከሄዱ በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፣ አንዲት ሴት በእሳቸው ዘፈን ምክንያት መድረክ ላይ ተዋርዳለች፤ ለዚህ ነው የመጡት። ደግሞም ወሬው ደርሷቸው ያን ማጫወቻ ማየት ፈልገዋል።

ጃማይባቡ መጀመሪያ በባለ ቺንጋው የጀልባውን ዘፈን አሰማቸው። አዳመጡና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «እንዴት እሮጥ ነበር! የሸክላው ኩባንያ ሰውዬ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ እጁን እንዲህ እያሽከረከረ ‹ቶሎ፣ ሸክላው ሊያልቅ ነው!› ይለኝ ነበር። ለዓሣው ደህና ነው፤ ዓሣ ያስቸኩላል። የጀርባው ገጽ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።»

የጀርባው ገጽ እናት ልጇን ወደ ባሏ ቤት ስትሸኝ የምትዘፍነው ነው። በባለ ቺንጋው ተጫወተ። ሴትዮዋ እጃቸውን አወናጨፉ። «ስማው! ልጇን የምትሸኝ እናት ነው የምመስለው? አውቶቡስ ያመለጣት ሴት እንጂ!»

ጃማይባቡ ተነሣ። ያንን ከባዱን ማጫወቻ ከጥግ ጎትቶ አወጣ። ሳህኑን አነሣና በጥፍሩ ፕላስተሩን ከቆቧ ላይ ላጠው። ጎቦርዶን በዚያ ቢኖር ኖሮ ልቡ ቀጥ ትል ነበር። ሳህኑን መልሶ፣ ያንኑ ገጽ አስቀምጦ፣ መርፌውን አወረደ።

«ግርርርር» አለ። «ቱክ፣ ቱክ» አለ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ፤ በየቃሉ ጫፍ ላይ ቆም እያለ፣ ልጅቷ ከበር እስክትወጣ ከኋላ የሚከተላት ይመስል። ሞኖሮማ ዴቢ ፓናቸውን ረሱት። ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ሲፍቅ ነው እንባቸውን የጠረጉት።

«ድምፁ የኔ አይደለም» አሉ። «የሟች ወንድሜን ይመስላል። እርምጃው ግን የእናቴ ነው። እናቴ እንዲህ ነበር የምትዘፍነው፤ እኔም እንዲህ ነበር ለመዝፈን የሄድኩት።» ወደ ጃማይባቡ ዞር አሉ። «አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ትራም እነዳለሁ፣ እናቴ።»

«ያስታውቃል» አሉ።

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ስመለስ ለዲዲ ሲነግሯት ደረስኩ። «አንቺ ከእንግዲህ ከዚያ ሳጥን ምንም አትማሪም። ከዚህኛውም ከዚያኛውም። ሐሙስ ሐሙስ ቦባኒፑር ትመጫለሽ። አገጭሽን ቀና አድርጊ፤ ድምፅሽን አሰሚኝ።»

ዲዲ አገጯን ቀና አደረገች። መጀመሪያ ድምፅዋ ራሱን የረሳ ይመስል ተሰነጠቀ። ሁለተኛ ሞከረች። ሦስተኛው ላይ ያቺ የጣራ ላይ ወፍ ወጣች። ጃማይባቡ ሸክላውን በጨርቅ የሚወለውል መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ዲዲ ቦባኒፑር ትሄዳለች። በሚቀጥለው ዓመት በዓል መድረክ ላይ ሁለቱንም ዘፈነች። ዓሣውን በሩጫ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽኝቱን በእርጋታ፣ ግን በገዛ ራሷ ቀጭን ድምፅ፤ አሮጊቶቹ መሐረባቸውን ያለ ጥርጣሬ አወጡ። ሞኖሮማ ዴቢ ከፊት ተቀምጠው ለፖቶል «አሁን ማን እንደሞተ አልጠይቅም» አሉት። ፖቶል ይህን ንግግር እስከ ዛሬ እንደ ሽልማት ይጠቅሰዋል።

ጃማይባቡ ጡረታ ሲወጣ የጣቢያ ጓደኛው ልጅ ከኩዌት አንድ የጃፓን ማጫወቻ አመጣለት። በዚህኛው ቆብ የለም፣ ጎማ የለም፣ ቺንጋ የለም፤ የሞተሩ እምብርት ራሱ ሳህኑን ተሸክሞ ይዞራል። በውስጡ የራሱ የሰዓት መቁጠሪያ ስላለው የግድግዳውን ከረንት ምት አይጠብቅም። በዚያ መብራት እየጠፋ በሚያስቸግረን ዘመን የክበቡ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ ባለ ቺንጋው ከጄኔሬተሩ ጋር አብሮ ሲያቃስት ይህኛው ንቅንቅ አላለም። በሳህኑ ጠርዝ ላይ በተደረደሩት ነጠብጣቦች ላይ ትንሽ መብራት ይበራል፤ ፍጥነቱ ልክ ከሆነ ነጠብጣቦቹ የቆሙ ይመስላሉ። ጃማይባቡ ፈጣሪ ዓይን የሰጠው ይህን ብቻ እንዲያይ ይመስል ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

«ሰማህ ወይ፣ ቆሟል እኮ» ትለዋለች ዲዲ።

«ጥሩነቱ ይሄው ነው» ይላል።

ጎቦርዶን አዲሱን ማጫወቻ ባየ ጊዜ ሚስቱን የቀሙት ያህል አኮረፈ። «ይሄ ሞተር በየቅጽበቱ ራሱን ይጠይቃል» አለ። «ፈጠንኩ? ዘገየሁ? ፈጠንኩ? ዘገየሁ? እንዲህ ያለ ሰው ከዘፈነ ደስ ይላል? ቺንጋ ጭንቀት የለውም።»

ዲዲ አሁን በፊተኛው ክፍል ሴት ልጆች ታስተምራለች። ለማጫወቻ የሚሆን ቦታ ስለጠፋ ሦስቱም ሳጥኖች ጣራ ላይ ወዳለችው ክፍል ተሰደዱ። እሑድ እሑድ ጎቦርዶን ይመጣና ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያ ይወጣሉ። አንዱን ሸክላ በሦስቱም እያዞሩ፣ የትኛው ያንጎራጉራል፣ የትኛው ይንሸራተታል፣ የትኛው ነፍስ የለውም እያሉ ይከራከራሉ። ታች ምሳ ይቀርባል፤ ሉቺው፣ ያ በዘይት ሲጠበስ የሚነፋው ቂጣ፣ ቀዝቅዞ ይተነፍሳል። ዲዲ «ውረዱ!» ስትላቸው «ይቺ ገጽ ትለቅ» ይላሉ። ገጿ ታልቃለች፤ ሌላ ገጽ አለ።

ዲዲ ብዙ ጊዜ ታገሠች። አንድ እሑድ ግን ማንንም ሳታስቀይም መላ አገኘች። ሉቺው ከዘይቱ ሲወጣ ደረጃው ሥር ትሄድና የጣራውን ክፍል ፊውዝ ትነቅላለች። ወዲያው «ደግሞ መብራት ጠፋ! ይሄ መንግሥት!» እያሉ ሁለቱም ይወርዳሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ፤ ሉቺው ገና ትኩስ ነው። እስካሁን አልነቁባትም።